የሌላ ሰው መቅኔ በእኔ አጥንት ውስጥ፦ ስለ ንቅለ ተከላ እንደ ታካሚ የተረዳሁት

ስለ መቅኔ ንቅለ ተከላ ሲወራ አብዛኛው ሰው በዓይነ ሕሊናው የሚመጣበት የቀዶ ጥገና ክፍል፣ የተከፈተ አጥንትና ረጅም ጠባሳ ነው። እናቴም ከአዲስ አበባ ደውላ በመጀመሪያ የጠየቀችኝ «የሚከፍቱህ የት ጋ ነው፣ ልጄ?» ብላ ነበር። በእውነቱ ግን ታካሚው አይከፈትም። የለጋሹ ሕዋሳት የሚሰጡት ደም በሚሰጥበት መንገድ በደም ሥር ነው፤ ወደ አጥንቱ ውስጥ የሚያስገባቸውንም መንገድ ደሙን ተከትለው ራሳቸው ያገኙታል። ከባዱ ነገር ያለው ከዚያ በፊትና ከዚያ በኋላ ነው። እኔ ሐኪም አይደለሁም፤ በደም ካንሰር ታምሜ አሜሪካ ውስጥ በሜሪላንድ ግዛት፣ ከታናሽ እህቴ በተወሰደ መቅኔ የታከምኩ ሰው ነኝ። የሚደረግብኝን ነገር ምክንያቱን በተረዳሁ ቁጥር ሕመሙን መቻልም፣ የሐኪሞቹን ትእዛዝ መጠበቅም ቀሎኝ ስላየሁ፣ ያንኑ ማስረዳት ለሌላው ታካሚና ለአስታማሚው ይጠቅማል ብዬ አምናለሁ።

መቅኔ በዳሌ፣ በደረት፣ በጎድንና በጀርባ አጥንቶች ውስጥ ያለ ለስላሳ የሰውነት ክፍል ሲሆን ሥራው ደም መሥራት ነው። ቀይ የደም ሕዋስ የሚኖረው ወደ 120 ቀናት ነው፤ ደም እንዳይፈስ የሚያረጋው ፕሌትሌት ከ8 እስከ 10 ቀን ብቻ ይቆያል፤ ባክቴሪያን ፊት ለፊት የሚገጥመው ኒውትሮፊል የተባለው ነጭ የደም ሕዋስ ደግሞ ደም ውስጥ ከገባ በኋላ ዕድሜው በሰዓታት የሚቆጠር ነው። ስለዚህ መቅኔ አንድ ቀን እንኳ ማረፍ አይችልም። እኔን የያዘኝ አኪዩት ማይሎይድ ሉኪሚያ የሚባለው የደም ካንሰር ነው፤ በዚህ በሽታ ያልበሰሉ ነጭ ሕዋሳት ያለ ልክ እየተባዙ መቅኔውን ይሞሉትና ጤነኛው ደም የሚሠራበት ቦታ ያጣል። ድካሙ፣ ድዴ መድማቱና የማይለቅ ትኩሳቱ ሁሉ የመጡት ከዚያ ነበር። በመጀመሪያው ኬሞቴራፒ በሽታው በማይክሮስኮፕ እስከማይታይ ድረስ ጠፋልኝ። ነገር ግን በካንሰሩ ሕዋሳት ላይ የተገኘው የዘረመል ለውጥ ተመልሶ የመምጣት ዕድሉ ከፍተኛ ከሆነው ወገን ስለነበር፣ በኬሞ ብቻ መተው አደገኛ እንደሆነ ተነገረኝ።

እዚህ ላይ ብዙዎቻችንን የሚያደናግር አንድ ልዩነት አለ። ንቅለ ተከላ ሁለት ዓይነት ነው። በመጀመሪያው ዓይነት የታካሚው የራሱ ግንድ ሕዋሳት፣ ማለትም ሌሎቹን የደም ሕዋሳት ሁሉ የሚያስገኙት፣ አስቀድመው ተወስደው በበረዶ ይቀመጡና፣ በጣም ኃይለኛ ኬሞ ከተሰጠው በኋላ ይመለሱለታል፤ ይህ በተለይ መልቲፕል ማየሎማ ለተባለው ካንሰርና ለአንዳንድ የሊምፎማ ዓይነቶች የሚሰጥ ነው። ሁለተኛው ሕዋሳቱ ከሌላ ሰው የሚመጡበት ነው። ማየሎማ ታሞ የራሱ ሕዋሳት የተመለሱለት አንድ የማውቀው ሰው «እኔ በጥቂት ሳምንት ነው ቤቴ የገባሁት፣ አይዞህ» ሲለኝ ከልቡ ነበር፤ ሆኖም የእሱና የእኔ ሕክምና ስማቸው አንድ ይሁን እንጂ ነገራቸው የተለያየ ነበር። የራስ ሕዋስ ሲመለስ ዓላማው ከባድ ኬሞ መስጠት እንዲቻል መቅኔውን ማዳን ነው። የሌላ ሰው ሕዋስ ሲገባ ግን በሽታን የሚከላከለው ሥርዓት በሙሉ ይለወጣል፤ ካንሰሩንም በመጨረሻ የሚያጠፋው ኬሞው ሳይሆን ይህ አዲስ ሥርዓት ነው።

ይህን ሐሳብ እስክረዳው ድረስ ጊዜ ወስዶብኛል፤ ከተረዳሁት በኋላ ግን የቀረው ሁሉ ተያያዘልኝ። ኬሞ የቻለውን ያህል ቢገድልም ጥቂት የካንሰር ሕዋሳት ተደብቀው ሊቀሩ ይችላሉ። የእኔ የራሴ ነጭ ሕዋሳት እነዚያን እንደ ዘመድ እያዩ አልፈዋቸዋል። ከሌላ ሰው የመጡት ግን እንደ ባዕድ ያዩአቸውና ይዋጓቸዋል። ይህ ግምት ብቻ አይደለም፤ ከመንታ ወንድም ወይም እህት፣ ያውም በዘር ፍጹም አንድ ዓይነት ከሆነ መንታ መቅኔ በተቀበሉ የሉኪሚያ ሕሙማን ላይ በሽታው ተመልሶ የመጣው ከተራ ወንድም ወይም እህት ከተቀበሉት ይልቅ በብዛት ነው። መንታው በጣም ስለሚመሳሰል ካንሰሩን እንደ ባዕድ አያየውም። ከዚህ በላይ ነገሩን የሚያስረዳ ማስረጃ አላገኘሁም።

ለዚህ ሕክምና መንገድ የጠረገው አሜሪካዊው ሐኪም ዶናል ቶማስ ነው። እ.ኤ.አ. በ1957 ያሳተመው የመጀመሪያ ዘገባ ስለ 6 ሕሙማን የሚናገር ሲሆን አንዳቸውም ብዙ አልቆዩም። ብዙ ሐኪሞች ነገሩን እርግፍ አድርገው በተዉበት ዘመን እሱና ባልደረቦቹ ወደ እንስሳት ምርምር ተመልሰው ቀጠሉ፤ በኋላም ሲያትል ውስጥ ሕክምናው ሰው የሚያድን ደረጃ ላይ ደረሰ። ኩላሊትን ለመጀመሪያ ጊዜ በተሳካ ሁኔታ ከሰው ወደ ሰው ካዛወረው ከጆሴፍ መሬይ ጋር እ.ኤ.አ. በ1990 የኖቤል ሽልማት ተቀበለ። ሆስፒታል ተኝቼ ይህን ታሪክ ሳነብ፣ እኔ የምወስደው እያንዳንዱ መድኃኒት ከእኔ በፊት በሞቱ ሰዎች ላይ የተገኘ ዕውቀት መሆኑን አስቤ ለእነዚያ ስማቸውን ለማላውቃቸው ሕሙማን ጸልያለሁ።

ቀጥሎ የመጣው ጥያቄ «ከማን?» የሚለው ነበር። ለጋሽ የሚመረጠው በደም ዓይነት አይደለም፤ የደም ዓይነት ባይገጥምም ንቅለ ተከላው ይከናወናል። የሚታየው ኤች ኤል ኤ የተባለው በሕዋሳት ገጽ ላይ የሚገኝ ምልክት ነው፤ ነጭ ሕዋሳት የራሳቸውን ከባዕድ የሚለዩት በዚህ ነው። የኤች ኤል ኤ ዘረመሎች በ6ኛው ክሮሞዞም ላይ ተጠጋግተው ስለሚገኙ ከአባት አንድ ጥቅል፣ ከእናት አንድ ጥቅል እንወርሳለን። በዚህ ምክንያት አንድ ወንድም ወይም እህት ሙሉ በሙሉ የመግጠም ዕድሉ 25 በመቶ፣ በግማሽ የመግጠም ዕድሉ 50 በመቶ፣ ጭራሽ ያለመግጠም ዕድሉ ደግሞ 25 በመቶ ነው። እኛ ቤት ከእኔ ሌላ አራት ልጆች ስላሉ ሁላችንም «ከአራቱ አንዱማ አይጠፋም» ብለን ነበር። ሒሳቡ ግን እንዲያ አይደለም፤ አራት ተመርምረው አንዳቸውም ሙሉ ለሙሉ ያለመግጠማቸው ዕድል 32 በመቶ ገደማ ነው። እኛም ከዚያ ውስጥ ወደቅን። ወላጆችና ልጆች ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ በግማሽ ይገጥማሉ እንጂ ሙሉ ለሙሉ አይገጥሙም።

ከዚያ ለማያውቁት ታካሚ ለመለገስ ፈቃደኛ የሆኑ ሰዎች ወደተመዘገቡበት የለጋሾች መዝገብ ተኬደ። የአሜሪካው ብሔራዊ መዝገብ ራሱ ባወጣው አኃዝ መሠረት፣ አንድ ነጭ ታካሚ በመዝገቡ ውስጥ ሙሉ ለሙሉ የሚገጥመው ለጋሽ የማግኘት ዕድሉ 79 በመቶ ሲሆን የጥቁር ታካሚ ዕድል ግን 29 በመቶ ብቻ ነው። ምክንያቱ ሁለት ነው። አንደኛው የእኛ ሰዎች በመዝገቡ ላይ ቁጥራቸው አነስተኛ መሆኑ ነው። ሁለተኛው የሰው ልጅ መነሻ አፍሪካ በመሆኗ የአፍሪካ ሕዝቦች የዘረመል ስብጥር ከሌላው ዓለም ሁሉ የበለጠ ስለሆነ፣ የኤች ኤል ኤው ዓይነት እጅግ መብዛቱ ነው። ሉሲን ያስገኘች ምድር ልጆች መሆናችንን በኩራት ስንናገር ኖረናል፤ ያ ብዝኃነት ለጋሽ ሲፈለግ ይህን ያህል እንደሚያከብድ ግን ማናችንም አስበነው አናውቅም ነበር። በመዝገቡ ውስጥ ለእኔ ሙሉ ለሙሉ የሚገጥም ሰው አልተገኘም።

ይህ ከ20 ወይም ከ25 ዓመት በፊት ቢሆን ኖሮ ለብዙ ሕሙማን የመንገዱ መጨረሻ ይሆን ነበር። ዛሬ ግን በግማሽ ከሚገጥም ዘመድ መቅኔ መውሰድ ይቻላል፤ ይህን መንገድ ካስፋፉት አንዱ በዚሁ በሜሪላንድ፣ በባልቲሞር ከተማ የሚገኘው የጆንስ ሆፕኪንስ የሐኪሞች ቡድን ነው። ከሦስቱ በግማሽ ከሚገጥሙኝ መካከል ታላቅ ወንድሜ በስኳርና በደም ግፊት ምክንያት ቀረ፤ ሁለተኛው ወንድሜ ኢትዮጵያ ስለነበር የቪዛው ነገር ጊዜ የሚወስድ ሆነ፤ ታናሽ እህቴ ግን ከእኔ ብዙም በማይርቅ ከተማ ትኖር ስለነበር ምርመራውን ጨርሳ ተመረጠች። ከዚያ በፊት ደሜ ውስጥ የእሷን ኤች ኤል ኤ የሚቃወም ፀረ እንግዳ አካል እንዳለና እንደሌለ ተመረመረ፤ ካለ ሕዋሳቱ ከመብቀላቸው በፊት ሊጠፉ ይችላሉና።

የዝግጅቱ ምርመራ ረጅም ነው። ልብ፣ ሳንባ፣ ኩላሊትና ጉበት ይፈተሻሉ፤ የተበላሸ ጥርስ ካለ አስቀድሞ ይነቀላል ወይም ይሞላል። እንደ እኛ ከኢትዮጵያ ለመጣ ሰው ግን በተለይ ሊጠየቁ የሚገባቸው ነገሮች አሉ። ሄፓታይተስ ቢ የተባለው የጉበት በሽታና ሳይታወቅ የተኛ ሳንባ ነቀርሳ የሰውነት መከላከያ ሲወድቅ ሊነሡ ይችላሉ። ከዚህም በላይ ስትሮንጂሎይደስ የተባለ፣ በልጅነት በባዶ እግር ከአፈር የሚገባና ምንም ምልክት ሳያሳይ ለአሥርት ዓመታት በሰውነት ውስጥ ሊኖር የሚችል ትል አለ፤ ታካሚው ስቴሮይድ የተባለውን መከላከያን የሚያቀዘቅዝ መድኃኒት ሲጀምር ተባዝቶ ሊገድለው ይችላል፤ አስቀድሞ ከታወቀ ግን አይቨርሜክቲን በተባለ ክኒን ይታከማል። ስለዚህ የት እንዳደጋችሁ፣ ገጠር መኖራችሁን፣ ወባ ታማችሁ እንደሆነ ሳትጠየቁም ተናገሩ። ልጅ መውለድ የምትፈልጉም ከሆነ ኬሞው ከመጀመሩ በፊት ዘርን ወይም እንቁላልን ስለማስቀመጥ ጠይቁ። በእኛ ባህል ይህ አፍ አውጥቶ ለመናገር ያሳፍራል፤ ቢሆንም ከሕክምናው በኋላ መካንነት የተለመደ ነው፤ ከዘገየም መመለሻ የለውም።

ከዚያ ፍሉዳራቢንና ሳይክሎፎስፋማይድ የተባሉ ኬሞዎች ለቀናት ተሰጡኝ፤ በዋዜማውም አነስተኛ መጠን ያለው የመላ ሰውነት ጨረር ተደረገልኝ። ይህ ዝግጅት ሁለት ሥራ አለው፤ የቀረውን ካንሰር መቀነስና የራሴ ነጭ ሕዋሳት የእህቴን ሕዋሳት እንዳይገፉ ማድከም። ዕድሜያቸው ለገፋ ወይም ሌላ ሕመም ላለባቸው ሰዎች ዝቅ ያለ መጠን የሚሰጠው ለዚህ ነው፤ ዋናውን ሥራ የሚሠራው አዲሱ መከላከያ ስለሆነ ኬሞው መቅኔውን ሙሉ በሙሉ ማጥፋት የግድ አይሆንበትም።

ሕዋሳቱ የሚሰጡበት ቀን «ዜሮ ቀን» ይባላል፤ ከዚያ በፊት ያሉት በቅናሽ፣ በኋላ ያሉት በጭማሪ ይቆጠራሉ። ጠዋት እህቴን በማደንዘዣ አስተኝተው ከዳሌዋ አጥንት ከኋላ በኩል በመርፌ መቅኔውን ቀዱላት። ከሰዓት በኋላ አንድ ከረጢት ወደ ክፍሌ ገባ፤ ከተራ ደም የጠቆረና የወፈረ፣ በላዩ ላይ የሚያብረቀርቅ ቅባት የመሰለ ነገር የሚታይበት ነበር። ሁለት ነርሶች ስሜንና የልደት ቀኔን እኔን እየጠየቁ፣ በእጄ ላይ ካለው አምባርና በከረጢቱ ላይ ካለው ወረቀት ጋር ቁጥር በቁጥር እየተነባበቡ አመሳከሩ። በስልኩ ላይ እናቴ ነበረች፤ ከረጢቱን በቪዲዮ ሳሳያት ለረጅም ጊዜ ዝም ብላ ካየች በኋላ «ይቺው ናት?» አለች። ይቺው ነበረች። እናቴ እርሾ ከጎረቤት ለምና በአንዲት ትንሽ ኩባያ የመጣው እርሾ አንድ ቡሖ ሙሉ ሊጥ ሲያነሣ ያየች ሴት በመሆኗ፣ በዚያ መንገድ ሳስረዳት ወዲያው ገባት። ጠብታው እስኪያልቅ ድረስ ነርሷ በየጥቂት ደቂቃው ሙቀቴንና የደም ግፊቴን እየለካች ከአጠገቤ አልራቀችም።

በቀጣዮቹ ቀናት ኃይለኛ ትኩሳትና መንቀጥቀጥ ያዘኝ። በግማሽ በሚገጥም ንቅለ ተከላ ይህ የሚጠበቅ ነው፤ የእህቴ ነጭ ሕዋሳት የእኔን ሰውነት አይተው ባዕድ ነው በማለት በፍጥነት መራባት ሲጀምሩ የሚመጣ ነው። ሐኪሞቹ ኢንፌክሽን እንዳይሆን አንቲባዮቲክ ቢሰጡኝም፣ ስቴሮይድ ሰጥተው ትኩሳቱን ማጥፋት ግን አልፈለጉም። በ3ኛውና በ4ኛው ቀን ያንኑ ሳይክሎፎስፋማይድ ደግመው ሰጡኝ። «አዲስ ሕዋስ ሰጥታችሁኝ በማግሥቱ መርዝ ትሰጡኛላችሁ?» ብዬ የጠየቅሁትን አንዲት ነርስ በትዕግሥት አስረዳችኝ። መድኃኒቱ የሚገድለው በዚያ ሰዓት በመራባት ላይ ያሉትን ነው፤ በመራባት ላይ ያሉት ደግሞ እኔን ሊያጠቁ የተነሡት ናቸው። ግንድ ሕዋሳቱ መድኃኒቱን የሚያከሽፍ ኢንዛይም ስላላቸው ይተርፋሉ፤ እኔን ያልተቃወሙት ነጭ ሕዋሳትም በእርጋታ ላይ ስለሆኑ አብዛኞቹ ይተርፋሉ። ቀኑ የተመረጠው ለዚህ ነው። በግማሽ ብቻ የሚገጥም ሰው ለጋሽ መሆን የቻለው በዚህ ጥበብ ነው፤ እህቴን ለጋሽ ያደረገልኝ ይህ ስለሆነ ሳስበው ሁልጊዜ እደነቃለሁ። በ5ኛው ቀን ታክሮሊመስና ማይኮፌኖሌት የተባሉት መከላከያን የሚያቀዘቅዙ መድኃኒቶች ተጀመሩ።

ከዚያ በኋላ ያለው መጠበቅ ነው። አዲሱ መቅኔ በቅሏል የሚባለው ኒውትሮፊል ለ3 ተከታታይ ቀናት በአንድ ማይክሮ ሊትር ደም ውስጥ ከ500 በላይ ሲሆን ነው፤ ይህም ብዙውን ጊዜ ከ2 እስከ 4 ሳምንት ይወስዳል። በዚያ ጊዜ ሰውነት ተራ ባክቴሪያ እንኳ መከላከል አይችልም፤ አፍና ጉሮሮ ይቆስላል፤ ምራቅ መዋጥ ራሱ ሥራ ይሆናል፤ ደምና ፕሌትሌት በየጊዜው ይሰጣል። በነገራችን ላይ ይህ ደም ማንነታቸው በማይታወቅ ሰዎች የተለገሰ ነው፤ ደም ለጋሾች ባይኖሩ ንቅለ ተከላ የሚባል ነገር አይኖርም።

ለእኛ ሰዎች በዚህ ወቅት የሚከብደው የጠያቂ ነገር ነው። የታመመን መጠየቅ እዳም፣ ጽድቅም፣ ፍቅርም ነው። የዕድራችን አባላት ምግብ በመሶብ ይዘው፣ ልጆቻቸውን አስከትለው መጥተው ከበር ሲመለሱ ያዘኑትን ያህል እኔም አዝኛለሁ። ነገር ግን ለጤነኛ ሰው ቀላል ጉንፋን የሆነው ቫይረስ ንቅለ ተከላ ለተደረገለት ሰው ገዳይ የሳንባ ምች ሊሆን ይችላል። ባለቤቴ በኋላ ይህን ለዕድሩ ሰብሳቢ ስታስረዳ ፍቅሩ መንገዱን ቀየረ። አንዱ ሆስፒታል መመላለሻ መኪና ያዘ፤ ሌላዋ ልጆቻችንን ከትምህርት ቤት ተቀበለች፤ ሌሎች ለሆስፒታሉ ቅርብ ለነበረው ቤት ኪራይ አዋጡ። ከሆስፒታል ከወጣን በኋላ ለወራት ቅርብ መኖርና ሌት ተቀን የማይለይ አስታማሚ መኖር ግዴታ ስለሆነ፣ ይህ ዓይነቱ እርዳታ ከጉብኝት እጅግ የበለጠ ነበር።

ምግብን በተመለከተ የእኛ ማዕድ የራሱ ጥያቄዎች አሉት፤ የሆስፒታሉ ዝርዝር ላይ የማይገኙትን እኔ ልጥቀስ። ጥሬ ሥጋ፣ ክትፎ፣ ካልተፈላ ወተት የተሠራ እርጎና አይብ፣ ቤት የተጠመቀ ጠላና ጠጅ ሁሉም ይቆማሉ። በደንብ የበሰለ፣ በዕለቱ የተሠራና ትኩስ የሆነ ወጥ ግን ምንም አልነበረበትም። ባህላዊ መድኃኒት፣ ጤና አዳምም ሆነ ፌጦ፣ ሐኪሙ ሳያውቀው መውሰድ አይገባም፤ ታክሮሊመስ በደም ውስጥ ያለው መጠን በጠባብ ልክ መጠበቅ ያለበት መድኃኒት በመሆኑ ብዙ ነገር ያዛባዋል፤ ግሬፕፍሩት የተከለከለው በዚሁ ምክንያት ነው። የደም ምርመራ በሚደረግበት ጠዋት ክኒኑ የሚወሰደው ደሙ ከተቀዳ በኋላ ነው፤ አስቀድሞ ከተዋጠ ውጤቱ ያሳስታል። ጠበልን በሚመለከት ከንስሐ አባቴ ጋር በግልጽ ተነጋገርን። ያልተፈላ የምንጭ ውኃ መጠጣትም ሆነ ደረቴ ላይ ያለውን የደም ሥር ቱቦ ማርጠብ ለሕይወቴ እንደሚያሠጋ ስነግራቸው፣ በጸሎትና በመስቀል አሰናበቱኝ፤ ከጾሙም ፈቱኝ። ሕመምተኛ መድኃኒቱን መውሰዱ ከእምነት ማነስ እንዳልሆነ ሲነግሩኝ ትልቅ ሸክም ወረደልኝ።

አዲሱ መከላከያ ካንሰሩን ባዕድ ነው ብሎ እንደሚዋጋ ሁሉ፣ እኔንም ባዕድ ነው ብሎ ሊዋጋኝ ይችላል። ይህ ጂ ቪ ኤች ዲ ይባላል። ቆዳን፣ አንጀትንና ጉበትን ቀድሞ ያጠቃል፤ ዘግይቶ ሲመጣ ደግሞ ዓይንና አፍን ያደርቃል፣ መገጣጠሚያን ያሣሥራል፣ ሳንባን ይጎዳል። በእኔ ላይ የጀመረው አንድ ምሽት እጄን ስታጠብ መዳፌ በፈላ ውኃ የተነካ ያህል ሲያቃጥለኝ ነበር። መስተዋት ፊት ቆሜ ሳይ ከጆሮዬ ኋላና በደረቴ ላይ ቀይ ሽፍታ ወጥቷል። እስኪነጋ እንድጠብቅ ልቤ ቢመክረኝም ባለቤቴ የሽፍታውን ፎቶ አንሥታ ለተረኛው ሐኪም ደወለች። በማግሥቱ ከቆዳዬ ናሙና ተወሰደ፤ ቅባትና ፕሬድኒሶሎን የተባለ ስቴሮይድ ተጀመረልኝ። ስቴሮይዱ እንቅልፍ ነሣኝ፣ ፊቴን አሳበጠው፣ ስኳሬን ከፍ አደረገው፣ ያለ ምክንያት አስለቀሰኝ። ሽፍታው ግን ሄደ። ሐኪሜ ያኔ ያለኝ ነገር ለጭንቀቴ መልስ ሆነኝ፤ ቀላል ጂ ቪ ኤች ዲ የታየባቸው ሕሙማን ላይ ካንሰሩ ተመልሶ የመምጣት ዕድሉ ይቀንሳል። ቆዳዬን ያቃጠለውና ካንሰሬን የሚያሳድደው አንድ ኃይል ነው። መድኃኒቱን የሚያመጣጥኑት ይህን ኃይል ሳያጠፉ እንዲለዝብ ለማድረግ ነው፤ ስለዚህ «ተሽሎኛል» ብሎ ክኒን በራስ ፈቃድ ማቋረጥም፣ «ጸረ ካንሰሩን ያዳክምብኛል» ብሎ መተውም ሁለቱም አደገኛ ናቸው።

የእህቴ መቅኔ መብቀሉ የሚረጋገጠው የደሙን ዘረመል በመመርመር ነው። በእኔ ዘንድ ይህ ቀላል ነበር፤ እኔ ወንድ፣ እሷ ሴት ስለሆነች፣ በደሜ ውስጥ ያሉት ሕዋሳት ሁሉ የሴት ክሮሞዞም ያላቸው ሆነው ተገኙ። የደም ዓይነቴም ከኤ ወደ ኦ ተለወጠ። ቆዳዬ፣ ፀጉሬና ቀሪው አካሌ ግን የራሴ ናቸው፤ የምወልደውም ልጅ የእኔ ዘር ነው። እናቴ ይህን ስትሰማ «ድሮም አንድ ደም ናችሁ» ብላ አለፈችው። ከዚሁ ጋር በልጅነቴ የተከተብኩት የክትባት ትዝታ ከአሮጌው መከላከያ ጋር ስለጠፋ ክትባቶቼን እንደ ሕፃን ከመጀመሪያው እየወሰድኩ ነው። እንደ ኩፍኝ ያሉ ሕያው ቫይረስ ያለባቸው ክትባቶች ቢያንስ 2 ዓመት መጠበቅ አለባቸው፤ የቢጫ ወባ ክትባትም ከእነዚሁ ወገን ነው። አገር ቤት ለመሄድ የሚቸኩል ሰው ከሐኪሙ ጋር ሳይነጋገር ቲኬት እንዳይቆርጥ የምለው ለዚህ ነው።

ለቤተሰብ የምለው አለኝ። በእኛ ዘንድ ካንሰርን ከታማሚው መደበቅ እንደ ርኅራኄ ይቆጠራል። በዚህ ሕክምና ግን አይቻልም፤ ሌሊት መዳፉ ሲያቃጥለው ትርጉሙን ማወቅ ያለበት ታካሚው ራሱ ነው። እንግሊዝኛ በደንብ ለማይናገር ሰው ልጁ ወይም የአጎቱ ልጅ ማስተርጎም የለበትም፤ የቅርብ ዘመድ የሚያስጨንቀውን ቃል ማለስለሱ አይቀርም። በአሜሪካ ሆስፒታሎች ውስጥ አስተርጓሚ ያለ ክፍያ ማግኘት መብት ነው፤ «አማርኛ አስተርጓሚ እፈልጋለሁ» ማለት ብቻ ይበቃል። ከኢትዮጵያ ወደ ሕንድ ወይም ወደ ቱርክ ለዚህ ሕክምና ለሚሄዱ ወገኖች ደግሞ ከጉዞው በፊት የሚጠየቀው ትልቁ ጥያቄ የንቅለ ተከላው ዋጋ ብቻ መሆን የለበትም፤ ከወጡ በኋላ ስንት ወር እዚያ እንደሚቆዩ፣ ሲመለሱ የታክሮሊመስን መጠን በደም የሚለካ ላቦራቶሪ የት እንደሚያገኙና ሽፍታ ወይም ተቅማጥ ቢነሣ ለማን እንደሚደውሉ በጽሑፍ ይዘው መምጣት አለባቸው።

በመጨረሻ ለወጣቶቻችን። እንግሊዝ ውስጥ ሸርሊ ኖላን የተባለች እናት ልጇ አንተኒ የሚገጥመው ሰው በማጣቱ እ.ኤ.አ. በ1974 የለጋሾች መዝገብ አቋቋመች፤ ልጇ ለጋሽ ሳያገኝ በ1979 ሞተ፤ መዝገቡ ግን በስሙ እስከ ዛሬ ሰው ያድናል። የአሜሪካው ብሔራዊ መዝገብ ዕድሜያቸው ከ18 እስከ 40 የሆኑትን ይቀበላል። ለመመዝገብ የሚያስፈልገው ጉንጭ ውስጥ በጥጥ ጠርጎ በፖስታ መላክ ነው፤ መርፌ እንኳ የለውም። የሚገጥም ታካሚ ከተገኘ አብዛኛውን ጊዜ የሚጠየቀው ለጥቂት ቀናት ሕዋሳቱን ወደ ደም የሚያወጣ መርፌ መወጋትና ለሰዓታት በማሽን ደም ማስቀዳት ነው። እንደ እህቴ ከዳሌ አጥንት የሚወሰድም ከሆነ በማደንዘዣ ነው፤ አከርካሪ አይነካም፤ ወገቧን ለጥቂት ጊዜ አመማት እንጂ የተወሰደው መቅኔ በሳምንታት ውስጥ ተተክቷል። ዘመድ ለሌለው፣ ወይም ዘመዶቹ ሁሉ ለታመሙበት አንድ ኢትዮጵያዊ ታካሚ የሚገጥመው ሰው ከማንም ይልቅ ከእኛው መካከል የመገኘት ዕድሉ ይሰፋል። ከተመዘገባችሁም አድራሻችሁን ስትቀይሩ አሳውቁ፤ ከዓመታት በኋላም ቢሆን ከመዝገቡ ሲደወልላችሁ የማታውቁት ቁጥር ነው ብላችሁ አትዝጉት።